እማሆይ ሊሰሙት የፈለጉት ቃል

እማሆይ ወለተ ኪዳን የራሳቸውን ተዝካር በቁማቸው ሊደግሱ መወሰናቸውን የነገሩኝ አጥር ጥግ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። አሰላ ላይ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ተገፎ ፀሐይ ብቅ ስትል ሥራ ፈትም ባለሥራም አንድ ግድግዳ ፈልጎ ይደገፋል። እኔም ለምሳ ከጤና ጣቢያው መጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ለኅዳር ሚካኤል እደግሳለሁ" አሉኝ።

"የምን ድግስ ነው እማሆይ?"

"የተዝካሬ ነዋ።"

ሳቄ መጣ። "ሠርግ አስመሰሉት እኮ!"

"ሠርጌንማ መቼ አየሁት? ተሸፋፍኜ በበቅሎ ጭነው ወሰዱኝ። ሲዘፈን እኔ የምሰማው የራሴን ልቅሶ ነበር። ተዝካሬን እንኳ ደህና አድርጌ ልስማው።"

ያኔ ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አርሲ ተመደብሽ ሲሉኝ አልቅሼ ነበር የመጣሁት፤ ብርዱንም ጭቃውንም ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ምላሴ ከመርፌዬ የባሰ እንደሚወጋ ይነገርልኝ ነበር። የተከራየሁት እማሆይ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ሲሆን፣ ለስሙ ተከራይ እባል እንጂ ማታ ማታ እራት የምበላው ከእሳቸው ጋር ነው።

እማሆይ ዕድሜያቸውን አያውቁትም። "በክፉ ቀን የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነበር" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተ ቁጠሩት። ባላቸውን ተከትለው ከመንዝ ወደ አርሲ የመጡት ገና አሰላ አሰላ ሳትባል ነው። እዚህ ወለዱ፣ እዚህ አሳደጉ፣ የወለዱትንም ሁሉ በየተራ ቀበሩ። መጨረሻ ላይ ቆባቸውን ደፉና መነኮሱ። የቀራቸው ዘመድ በቆጂ የሚኖር የእህታቸው ልጅ አቶ ደምሴ ነው፤ እሱም ራሱ ሽበታም ሽማግሌ ነው። ልጅ ያለው ሰው ከሞተ በኋላ ተዝካሩን ልጆቹ ያወጡለታል። እማሆይ ግን ልጅ የላቸውምና በቁሜ ልደግስ አሉ።

"ይኸውልሽ ልጄ" አሉኝ ያን ቀን። "ጥርሴ ሄደ። ዓይኔም ሊሄድ ጓዙን ሸክፏል። ጉልበቴን ተዪው። ጆሮዬን ግን እስካሁን ማንም አልወሰደብኝም። እግዜር ለምን የተወልኝ ይመስልሻል?"

"ለሐሜት!" አልኳቸው።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ "ነፍስ ይማር ሲባል ልሰማበት ነው" አሉ። "ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስል ኖሬያለሁ። ለባሌ ብያለሁ፣ ለልጆቼ ብያለሁ። ለእኔ ሲባል ግን አፈር ውስጥ ሆኜ አልሰማውም። የራበው ሰው ቤቴ ገብቶ፣ በልቶ ጠግቦ፣ ከሆዱ ነፍስ ይማር ሲለኝ አንድ ጊዜ ብቻ በጆሮዬ ብሰማ ከዚያ በኋላ ሲፈልግ ይውሰደኝ። ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም።"

የመሳቅ ፍላጎቴ ጠፋ።

እንግዶቹን የጠሩት ራሳቸው ናቸው። እኔን በአንድ እጅ፣ ምርኩዛቸውን በሌላው ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ወረዱ። እዚያ የሚቀመጡትን ነዳያን አንድ በአንድ እየተጎነበሱ ጠሯቸው። ከሁሉ በፊት የሄዱት ዲንቄ ወደምትባል ዓይነ ስውር ሴት ነበር። ዲንቄ ከአርሲ ኦሮሞዎች ወገን ስትሆን አማርኛ ስትናገር ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል አንተና አንቺ ትላለች፤ እማሆይን ግን በቋንቋዋ አዴ፣ እናቴ፣ ትላቸዋለች።

"ዲንቄ፣ ለሚካኤል ተዝካሬን ቤቴ እንድትበዪ።"

"ተዝካር? ሞተሽ ነው እንዴ ምታናግሪኝ፣ አዴ?"

"ገና አልሞትኩም። በቁሜ ነው። በልተሽ ስታበቂ ነፍስ ይማር ትዪኛለሽ፤ እሰማለሁ።"

ዲንቄ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አሰበችበት። "ጮክ ብዬ ልበል ቀስ ብዬ?"

"እንደ መጣልሽ በዪ። የመጀመሪያዋ እንግዳዬ አንቺ ነሽ።"

የሚካኤል ዋዜማ ግቢው ጢስ በጢስ ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ የወጡ አዛዥ ሆና ሴቶቹን ታራውጣለች። ወይፈኑ ጠዋት ታርዷል፣ ዳቦው ወጥቶ በየቅርጫቱ ተደርድሯል፣ ጠላው ደርሷል። እማሆይ በረንዳው ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው በጆሯቸው ያዛሉ። "ያ ድስት አረረ፣ ማነሽ፣ አማስዪው" ይላሉ፤ እውነትም አርሮ ይገኛል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ልጬ እጄን ስታጠብ እማሆይ "በላይ..." ብለው ሲያቆሙ ሰማሁ። የበላይነሽን ስም አልጨረሱትም። ዞር ስል ምርኩዛቸው መሬት ላይ ወድቋል፣ እሳቸውም በቀኝ ጎናቸው ወደ ግድግዳው እያዘነበሉ ነው። ሮጬ ያዝኳቸው። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር፤ የወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው።

"ምች ነው! ምች መታቸው!" ብላ በላይነሽ ጮኸች፤ ዳማከሴ ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ምች እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ማወቄ ግን የፈየደው ነገር የለም። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ ዓይናቸውን ገልጦ አየ፣ ቀኝ እጃቸውን አንስቶ ለቀቀው፣ እጁም እንደ ጨርቅ ወደቀ። "ከቤታቸው አታንቀሳቅሷቸው" አለኝ ወደ ጥግ ወስዶ። "ከንፈራቸውን እያረጠብሽ አጠገባቸው ሁኚ። ከዚህ ሌላ የምናደርግላቸው ነገር የለንም።" ነርስነት ስማር ስለዚህ ነገር ያስተማረኝ አልነበረም። የሚወጋ መርፌ የለም፣ የሚታሰር ቁስል የለም፤ ቦርሳዬን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ሁሉም ከክፍሉ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ ግራ እጃቸውን ያዝኩ። "እማሆይ፣ የሚሰሙኝ ከሆነ እጄን ጨበጥ ያድርጉት።"

ጨበጡኝ።

ደነገጥኩ። "ድግሱ ይቅር?" አልኳቸው። እጃቸው ዝም አለ። "ይደረግ?" ስል ግን ከዚያች የአጥንት እጅ ይወጣል ብዬ በማላስበው ኃይል ጨመቁኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ያኔ ነው።

አቶ ደምሴ ከበቆጂ ለድግሱ ሲመጣ መንገድ ላይ ሰምቶ ኖሮ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። የአክስቱን ጉልበት ሳመ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለ ማርያምም መጡና ለነገው ምን ይሁን የሚለው መከራከሪያ ሆነ።

"ይደረግ ብለዋል" አልኩ። "እጄን ጨብጠው ነግረውኛል።"

አቶ ደምሴ ተጠጋና ግራ እጃቸውን ያዘ። "አክስቴ፣ ድግሱ ይቅር ወይስ ይደረግ?" አለ በአንድ ትንፋሽ። እጃቸው ጨበጥ አደረገው። "የቱን መለሱ?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ለየብቻ ይጠይቋቸው እንጂ!"

ለየብቻ ሲጠይቃቸው ደክሟቸው እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። አባ ኃይለ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ሕፃንም እኮ ጣትሽን ብትሰጪው ይጨብጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሕፃን ጣት ይጨብጣል፤ ስንቱን አዋልጄ ጣቴን ሰጥቼዋለሁ።

"ሰው እያጣጣረ እንዴት እንበላለን?" አለ አቶ ደምሴ። "አገር ምን ይለናል? አክስታቸው ነፍሷ ሳይወጣ ጠላ ይቀዳሉ ብሎ አይስቅብንም? ደግሞም ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው። ድግሱ ለቀብራቸው ይሁንና በአንድ ይለቅ።" አባም ይህ ለክብራቸው የሚሻል መሆኑን ተናገሩ። ሁሉም ተስማማ። ሁሉም የተስማማው እሳቸውን በማክበር ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ወጡ ተከደነ፣ ዳቦው በጨርቅ ተሸፈነ። ጨዋ ሰዎች አልጋውን ከብበው አንዲት አሮጊት እስኪሞቱ መጠበቅ ጀመሩ።

በማግስቱ ሚካኤል ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ ነዳያኑ መጡ። እማሆይ ራሳቸው ጠርተዋቸው ሊቀሩ አይችሉም። ምርኩዝ ሲንኳኳ፣ እግር ሲጎተት፣ ሰው ሲያስል ከአልጋው አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ፤ እማሆይም ይሰማሉ። ዓይናቸው ወደ በሩ ዞረ። ወደ ውጭ ወጣሁ።

አቶ ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ በትሕትና እየነገራቸው ነበር። "እማሆይ በጠና ታመዋል። ጸልዩላቸው። ጊዜው ሲደርስ ትጠራላችሁ።"

"ሞተች?" አለች ዲንቄ።

"አልሞቱም።"

"ታዲያ ምን ተገኘና ቀረ? ሕያው ሆና ነው እኮ የጠራችን።"

ጠጋ አልኩት። "አቶ ደምሴ፣ እባክዎ በሩን እንክፈትላቸው። እየሰሙ ነው። የፈለጉት ይህን ብቻ ነው።"

ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ "ልጄ፣ የቤቱ ሰው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" አለኝ።

ተከራይ ነኝ። ከበሩ ፈቀቅ አልኩ። ነዳያኑ እንደመጡ ተመለሱ፤ ዲንቄ መጨረሻ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ ቤቱ ሰጥታ ቆየችና አጥሩን እየዳሰሰች ሄደች። ተመልሼ ስገባ ከእማሆይ ግራ ዓይን የወረደው እንባ ቆባቸው ውስጥ ገብቷል። በነጠላዬ ጠረግሁላቸው። ምን ልበላቸው? "ይመጣሉ" አልኳቸው። ማን እንደሚያመጣቸው ግን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንደማወራችሁ እንጃ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋውን ይከባሉ። "እግራቸው ቀዝቅዟል" ትላለች አንዷ። "የዛሬን ያድሩ ይሆን?" ትላለች ሌላዋ። መቃብሩ በየትኛው ወገን ይቆፈር፣ መገነዣው ከየት ይምጣ፣ ሁሉም እዚያው ራስጌያቸው ላይ ይወራል። "ኧረ ይሰማሉ! ጆሯቸው አልታመመም እኮ!" እላለሁ። "እውነትሽን ነው" ብለው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ሁለት ቃል ሳይሄዱ ከፍ ያደርጉታል። ድስት ሲያር ከበረንዳ የሚለዩ ጆሮዎች ይህን ሁሉ ያዳምጣሉ። መነሣት አይችሉም፣ ውጡ ማለት አይችሉም፣ ጆሮ ደግሞ እንደ ዓይን አይከደንም። እኔም ከንፈራቸውን በጥጥ እያረጠብኩ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። "ይሰሙኛል?" ስላቸው ይጨብጡኝ ነበር፤ ጭብጡ ግን በየቀኑ እየላላ መጣ።

እማሆይ አልሞቱም። ቀብር የሚጠብቀው ጠላ መኮምጠጥ ጀመረ። የነቢያት ጾም ደግሞ ሊገባ ነው፤ ከገባ ያ ሁሉ ሥጋ ለማንም አይሆንም። በጾሙ ዋዜማ ተመካከሩና ወጡን ወደ በላይነሽ ቤት አሻግረው ቅበላ አደረጉት። በታማሚዋ ቤት አልተበላም፤ ነውሩም በዚሁ ቀረ። አቶ ደምሴ እኔንም አልረሳኝም፣ በሳህን ይዞልኝ መጣ። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ነገ ጾም ነው። ስትጠብቂ ሰነበትሽ።"

የእማሆይን ተዝካር ለቅበላ ልበላ! ሳህኑን ተቀበልኩት፣ አመሰገንኩት፣ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ከአጥሩ ማዶ ሲበሉ፣ ሲጨዋወቱ፣ አንዱ ሲስቅ ይሰማል። ከመካከላቸው ነፍስ ይማር ያለ አልነበረም። በምን ምክንያት ይላሉ? ሴትዮዋ አልሞቱም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ደምሴና ሌሎቹ ለጾሙ መግቢያ ቅዳሴ ሲሄዱ ከእማሆይ ጋር የቀረነው እኔና በላይነሽ ነበርን። "አንዴ አጠገባቸው ሁኚልኝ" አልኳትና ጋቢዬን ደርቤ ወረድኩ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ዲንቄ በቦታዋ ነበረች።

"ዲንቄ፣ ነይ። እማሆይ ጠርተውሽ ነበር።"

"ይቺ ነርሷ ናት አይደል? ሞተች እንዴ?"

"አልሞቱም።"

ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ዳገቱን ስንወጣ ልቤ ይቸኩላል፣ እሷ ግን ድንጋይ ድንጋዩን እየዳሰሰች ነው የምትሄደው። ቤት ስንደርስ ቅርጫቱ ውስጥ ከቀረው ዳቦ ቆረስኩ። ደርቋል፣ ግን ሽታው ደህና ነው። እማሆይ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል፣ ትንፋሻቸው ረጅም ሆኗል። "እማሆይ፣ የመጀመሪያዋ እንግዳዎ መጥታለች" አልኳቸው። ዳቦውን ግራ እጃቸው ላይ አኑሬ፣ እጃቸውን በእጄ ደግፌ ወደ ዲንቄ ዘረጋሁት።

ዲንቄ ዳቦውን ከመቀበሏ በፊት እጃቸውን ዳሰሰች። "ይሞቃል" አለች ገርሟት። "ይቺ ሕያው ናት!" ከዚያ ዳቦውን ወስዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች። አልቸኮለችም። ደረቅ ዳቦ ጥርስ ለሌለው ሰው ከባድ ነው፣ በምራቋ እያራሰች ትበላለች። እኔ ጨርሺ፣ ቶሎ በዪ ልላት እፈልጋለሁ፤ ግን ድግስ ላይ እንግዳ አይቸኮልም።

ገና ሳትጨርስ አቶ ደምሴ ከቅዳሴ ተመልሶ ገባ። ለማኟን መሬት ላይ፣ ፍርፋሪውን ሰሌኑ ላይ አየ።

"ምንድነው ይሄ?"

"እንግዳቸው ናት" አልኩት።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ዲንቄ ጨረሰች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ እየዳበሰች ተንበረከከች፣ የእማሆይን እጅ ፈልጋ ያዘች። "ጠግቤያለሁ፣ አዴ" አለች። "ነፍስሽን ይማር። ባልሽን ይማር፣ ልጆችሽን ይማር። ነፍስሽን ይማር፣ አዴ።" ጮክም አላለችም፣ ቀስም አላለችም።

በላይነሽ ፊቷን አማተበች። አቶ ደምሴ፣ "ለሕያው ሰው! አፍሽን አትይዥም?" ብሎ ተቆጣ።

"እሷ እራሷ ናት በይኝ ያለችው" አለች ዲንቄ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ። "እሰማለሁ አለችኝ። አንተ አልነገረችህም?"

አቶ ደምሴ ወደ አልጋው አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥቶ እማሆይ ይቀመጡበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ግራ እጃቸውን ያዝኩ። "እማሆይ፣ ሰሙ?" እጃቸው ዝም አለ። ጆሯቸው ሥር ተደፍቼ ደገምኩት። "ዲንቄ ናት፤ ነፍስ ይማር ብላዎታለች። ሰምተው እንደሆነ ጨበጥ ያድርጉኝ።" ምንም የለም። እጃቸው ሞቃት ነው፣ ልባቸው ይመታል፣ ግን መልስ የለም። እስኪመሽ ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ጨብጠውኝ አያውቁም። ጥቂት ቀናት ቆይተው፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ባረፈችበት ሰዓት፣ ትንፋሻቸው ቆመ።

ቀብራቸው ትልቅ ነበር። ተዝካራቸውንም አቶ ደምሴ ከልደት በኋላ በሚገባ አወጣ፤ ከበቆጂም ከኢተያም ሰው መጣ። ነዳያኑን ራሱ ሄዶ ጠራቸው፣ ዲንቄንም በእጁ መርቶ አስገባት። ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ ነፍስ ይማር ሲል ግቢው አስተጋባ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተነሥቼ ወጣሁ።

ብዙ ሰው ይህን ሳወራ "ሰምተዋል፣ እርግጠኛ ሁኚ" ይለኛል። የሚያጽናኑኝ በቅን ልብ ነው፣ አመሰግናለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ጭብጣቸው ይነግረኝ ነበር። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ዕድሜ መጨረሻ የለመኑት ጤና አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም፤ አንድ ቃል ነው። አክባሪዎቻቸው ሁሉ በዙሪያቸው ተቀምጠው ያቺን አንዲት ቃል ለነገ አቆዩባቸው።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ሽማግሌና አሮጊት አስታምሜያለሁ። መድኃኒታቸውን ከመስጠቴ በፊት፣ አንደበታቸው ሳይያዝ፣ ምን መስማት እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ። አንዱ የልጁን ድምፅ ይላል፣ አንዷ መዝሙረ ዳዊት ትላለች፣ አንዱ ደግሞ "ዝም በሉልኝ" ብሎኛል፤ ዝም አስብዬለታለሁ። አልጋ አጠገብ ስለ ቀብር የሚያወራ ሰው ካየሁ ደግሞ ያ የድሮ ምላሴ ይመለሳል።

አሁን እኔም ፀሐይ የምሞቅበት ግድግዳ ፈልጌ የምደገፍ ሆኛለሁ። ጥርሴ ሄዷል፣ ዓይኔም ጓዙን እየሸከፈ ነው። ልጆቼ ሲመጡ ስለ ስኳሬና ስለ ደም ግፊቴ ይጠይቁኛል፣ ጋቢ ያመጡልኛል፣ የሚሉኝ ሌላ ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ አያለሁ፤ ግን ሌላ ጊዜ እንላታለን ብለው ይሄዳሉ። ይህን የምታነቡ ልጆች ካላችሁ፣ የእኔም ሆናችሁ የሌላ ሰው፣ ዛሬ ማታ ኑ። ጆሮዬ ገና ደህና ነው።